ጾማችንና የሕፃናቱ ማዕድ

በሀገራችን ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ይህን የሚነግረን በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 58 ነበርና መሻሻል የለም አይባልም። ይሁን እንጂ ዛሬም ከ3 ሕፃናት ቢያንስ አንዱ በዚህ ጉዳት ውስጥ ያድጋል። በ2011 ዓ.ም. በትግራይ 49 ከመቶ፣ በአማራ 41 ከመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 14 ከመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰበሰቡት ከሰሜኑ ጦርነትና ከመፈናቀሉ አስቀድሞ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ የታየባቸው አካባቢዎች ቤተ ክርስቲያን በየመንደሩ የተተከለችባቸው፣ ብዙው ሕዝብ በጾምና በጸሎት የሚኖርባቸው ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጤፍና ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚታፈስባቸው፣ ላምና ዶሮም ከደጅ የማይጠፋባቸው ናቸው። ድርቅ ባልገባበት፣ ጎተራው ባልተራቆተበት ቤት ሕፃኑ ለምን ይቀነጭራል? ይህን ጥያቄ ለጤና ባለሙያዎች ብቻ ትተን ልናልፈው አይገባም፤ ከመልሱ ከፊሉ የሚገኘው በእኛው ቤት፣ በእኛው የጾም ልማድ ውስጥ ነውና።

በቅድሚያ የጉዳቱን ጠባይ እንመልከት። የምግብ እጥረት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አጥንቱ የወጣ፣ ቆዳው የተሸበሸበ ሕፃን ነው። ይህ መቀጨጭ ይባላል፤ በድንገተኛ ረኃብ ወይም በሕመም ይመጣል፤ ዓይንም ያየዋል። መቀንጨር ግን ድምፅ የለውም። ሕፃኑ ይስቃል፣ ይድኻል፣ ጉንጩም ሞላ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ቁመቱ ግን ከዕድሜው ወደ ኋላ ይቀራል። በመንደሩ ያሉት እኩዮቹም እንደ እርሱ ያጠሩ ከሆኑ እናቱ በምን ታመሳክረዋለች? «ዘሩ ነው፤ አባቱም አጭር ነበር» ተብሎ ይታለፋል። አባቱም በልጅነቱ የቀነጨረ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ የለም።

ጉዳቱ በቁመት ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበንም ነበር፤ የሰው ክብሩ በቁመቱ አይለካምና። ነገር ግን አጥንት ሳያድግ የቀረበት ጊዜ አእምሮም የሚያድግበት ጊዜ ነው። የሕፃን አእምሮ 2 ዓመት ሲሞላው የአዋቂውን መጠን 80 ከመቶ ያህል ይደርሳል። ከፅንሰት እስከ 2 ዓመት ያለው ጊዜ፣ ማለትም 270 የእርግዝና ቀናትና 730 ቀናት፣ በድምሩ 1000 ቀን ይሆናል። በእነዚህ ቀናት የጎደለውን ከዚያ በኋላ መሙላት እጅግ ያስቸግራል። የቀነጨረ ሕፃን ትምህርት ይከብደዋል፤ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ በሚጠጉት ሞት ውስጥ የምግብ እጥረት እጁ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። መንግሥትም ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ሲያውጅ ግቡ ያደረገው ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ማስቀረትን ነው። በ1977ቱ ረኃብ ክፉኛ የተጎዳችው ሰቆጣ ለዚህ ቃል ኪዳን ስሟን መስጠቷ ተገቢ ነው።

ከጡት ወደ ገበታ

ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከ6 ወር በኋላ ጡት ብቻውን አይበቃም፤ ሆኖም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል አለበት። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከሚያስፈልገው ኃይል ግማሽ ያህሉን፣ በ2ኛው ዓመት ደግሞ ሲሶውን የሚያገኘው ከእናቱ ጡት ነው። ቀሪው ከምግብ መምጣት ይኖርበታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ግን ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል በዓይነቱም በብዛቱም ተገቢውን ምግብ ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። የቀሩት 93ቱ ሁሉ የድሃ ልጆች አይደሉም።

አብርሃም ይስሐቅ ጡት በጣለበት ቀን ታላቅ ግብዣ እንዳደረገ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ተጽፏል። በብዙ ቤቶቻችን ግን ጡት የመጣያው ወቅት ለሕፃኑ የጉስቁልና መጀመሪያ ነው። በተለይ እናቱ ዳግመኛ ስትፀንስ ጡቱን ይከለከላል፤ በምትኩ የሚቀርብለት ቀጭን አጥሚት ነው። ክዋሽዮርኮር የሚባለው አካልን የሚያሳብጥ የምግብ እጥረት ስሙን ያገኘው ከጋና ሕዝቦች ቋንቋ ከአንዱ ሲሆን፣ ቃሉ አዲስ ልጅ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘውን ሕመም ያመለክታል። የጋና እናቶች ሐኪሞች ሳይነግሯቸው ምክንያቱን አውቀውት ነበር ማለት ነው።

ስለ ቀጭን አጥሚት ጥቂት እንበል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ያ ሆድ በውኃ ከተሞላ ሕፃኑ ጠግቦ ተርቧል። ምግቡ ከማንኪያ ላይ የሚፈስስ ሳይሆን ረጋ ብሎ የሚቀመጥ ገንፎ ሊሆን ይገባል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም መክሰስ ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ ሲቀርብ ብቻ አብሮ እንዲጎርስ የሚተው ሕፃን አይጠግብም። በትሪ ዙሪያ ከታላላቆቹ ጋር መሽቀዳደም አይችልምና የራሱ ሳህን ይኑረው።

የጾሙ ወራትና የሕፃኑ ድስት

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ምእመናን ከጥሉላት ምግብ የምንከለከልባቸው ዕለታት ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ጾመ ፍልሰታን፣ ነነዌንና ገሃድን፣ ረቡዕንና ዓርብንም ጨምሮ በዓመት 180 ያህል ይደርሳሉ። ይህ ሥርዓት ለእኛ የነፍስ መድኃኒት ነው። ለሕፃን ግን አልተሠራም። ቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ጾምን እንዲለማመዱ የምታስተምረው ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ነው፤ ይህን የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። ታዲያ የ1 ዓመት ሕፃን በዐቢይ ጾም ለምን እንቁላል አያገኝም?

በልዩ ልዩ የሀገራችን አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች የእናቶችን መልስ መዝግበዋል። «ሕፃኑ ይጾማል» የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚሉት ዕቃው ይነካካል፣ የጾም ድስት ይበላሽብናል፣ እጃችን ቅቤ ነክቶ ወጥ እንዴት እንሠራለን፣ ጎረቤት የእንቁላል ሽታ ቢሸተው ምን ይለናል የሚል ነው። እንግዲህ ሕፃኑን የሚያስጾመው ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ድስቱና የጎረቤት ዓይን ናቸው። ስሌቱን እንመልከተው፦ ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ ከሚጀምርበት ከ6 ወሩ እስከ 2 ዓመቱ 18 ወር አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 270 ያህሉ ቀን የጾም ነው። በቤቱ ለማንም ጥሉላት የማይሠራ ከሆነ አጥንቱና አእምሮው ከሚገነባበት ጊዜ ግማሹን ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ያልፋል።

ጥራጥሬና አትክልት አይበቃውምን? ለአዋቂ በእጅጉ ይጠቅማል። ሕፃን ግን በጥቂት ጉርሻ ብዙ ንጥረ ነገር ማግኘት አለበት። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት በሥጋና በጉበት ውስጥ ያለው ሰውነት በቀላሉ የሚቀበለው ነው፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ለዕድገት የሚያስፈልገው ዚንክም እንዲሁ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይገኝም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 ከመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ያለባቸው ሆነው መገኘታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ምንም እንኳ ወባና የሆድ ትላትልም ድርሻ ቢኖራቸው።

እዚህ ላይ ስለ ገበያው ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጨናል። በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል። ላም ያላቸው ቤተሰቦች ወተቱን ይንጡታል፤ ቅቤው ተነጥሮ ለፋሲካ ይቀመጣል ወይም ለከተማ ይሸጣል። እንቁላሉም ለጨውና ለሳሙና መግዣ ይሆናል። ሕፃኑ በዚያው ቤት፣ ከዚያችው ላም አጠገብ ወተት ሳይቀምስ 55 ቀን ይቆያል።

ልማዳችን ግን ለዚህ መፍትሔ የሌለው አይደለም። አራስ ባለችበት ቤት በዐቢይ ጾምም ቢሆን ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይገነፋል፤ ማንም «ዕቃው ተነካካ» ብሎ አራሷን አያስርባትም። ለእናቲቱ የተቻለው ለልጇ እንዴት ያቅታል? ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ቢለይለት የጾሙ ዕቃ እንደ ተጠበቀ ይኖራል። ድስት መለየት ለማይችል ቤት ደግሞ እንቁላል ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በሕፃኑ ገንፎ ላይ ቢፈተፈት ምንም ዕቃ አይነካም። ሥጋ ቤቶች በሚዘጉበት ወቅት አስቀድሞ በደንብ የደረቀ ቋንጣ ተወቅጦ ዱቄቱ ለሕፃኑ ገንፎ ሊቀመጥ ይችላል። ወተት ሲሰጠው ግን ይፈላ፤ ጥሬ ወተት በሽታ ያመጣል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነውም የላም ወተት የጡትን ቦታ ተክቶ ዋና መጠጡ አይሁን።

ይህን ስንል የጾም ዕቃን የመለየት ልማድ ይናቅ ማለታችን አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለጾም ካላቸው ክብር የመጣ መልካም ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ጌታችን በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ስለ ጽዋና ስለ ድስት መታጠብ ሲጨነቁ የወላጅን መብት የዘነጉትን መገሠጹን እናስታውስ። በዚያ ስለ ወላጅ የተነገረው በእኛ ዘመን ስለ ልጅም ሊነገር ይችላል።

የነነዌ ሕፃናት አልጾሙምን?

ይህን ትምህርት የሰሙ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። በነነዌ ከታላቅ እስከ ታናሽ ጾሙ፤ እንስሳት እንኳ አልቀመሱም። በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 2ም ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ወደ ጉባኤው ተጠርተዋል። ታዲያ የእኛ ሕፃናት ቢጾሙ ምን ነውር አለው ይላሉ።

ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነውና በቅንነት ሊመለስ ይገባል። የነነዌ ሰዎች ጾም ጥፋት በደጅ ቆሞ ሳለ በአዋጅ የተደረገ የአንድ ጊዜ ልመና ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የምታስበው በ3 ቀን ነው። የዓመቱን ግማሽ፣ ያውም በየዓመቱ፣ ሕፃን ከወተት እንዲከለከል ያዘዘ ነቢይ የለም። ኢዩኤልም ሕፃናቱን የጠራው ከሕዝቡ ጋር በአንድነት በእግዚአብሔር ፊት እንዲቆሙ ነው። የእኛም ሕፃናት ይህን ያደርጋሉ፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላሉ፤ በእናታቸው ጀርባ ሆነው ያስቀድሳሉ። በጉባኤው መካከል መገኘታቸው ይህ ነው። በፍልሰታ ልጆች በደስታ የሚጾሙት ጾምም ውብ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ያ ለሚሮጠውና ለሚጠይቀው ልጅ እንጂ ገና ለሚድኸው አይደለም።

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ መጀመሪያ ያዘዘው የምትበላውን እንዲሰጧት ነው። ይህን ማርቆስም ሉቃስም ጽፈውልናል። ሞትን ያሸነፈ አምላክ የአንዲትን ብላቴና ረኃብ አልዘነጋም።

የምታጠባ እናትንም እንዲሁ ልናስብ ይገባል። ሐና ሳሙኤልን ባጠባችበት ወራት ባሏ ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ እርሷ በቤት ቀረች፤ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ አልወጣችም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 የተጻፈ ነው። ልጅ በስእለት ያገኘችው፣ ከሁሉ ይልቅ ወደ ቤተ እግዚአብሔር የምትቸኩለው ሴት ስለ ማጥባት ብላ ቆየች፤ ካህኑም እግዚአብሔርም አልነቀፏትም። የምታጠባ እናት በየቀኑ ከወትሮው 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ባለሙያዎች ከመደበኛው ምግቧ ላይ 2 ጊዜ እንድትጨምር ይመክራሉ። ነፍሰ ጡር ደግሞ 1 ጊዜ ትጨምር። እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ውላ ሽሮ በእንጀራ ብቻ የምትበላ እናት ራሷን ከመጉዳቷ በላይ በማሕፀኗ ያለውን ወይም በጡቷ ያለውን ትጎዳለች። ስለዚህ በራሷ ፈቃድ አትወስን፤ በጎረቤት ዓይንም አትፍራ፤ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። የንስሐ አባትም «እንደ ቻልሽ» ብሎ ከመተው ይልቅ ግልጽ ፈቃድ ቢሰጣት ሸክሟ ይቀልላታል። «እንደ ቻልሽ» የተባለች ሃይማኖተኛ ሴት ሁልጊዜ እችላለሁ ትላለችና።

የሰውን ሥራ በሙሉ በጾም ልማድ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ድህነት አለ፤ የውኃ ንጽሕና ጉድለት አለ፤ ተቅማጥ በየጊዜው ከሕፃኑ አካል የተሰጠውን ምግብ ይዞ ይወጣል፤ ልጆች ተከታትለው ይወለዳሉ። እንስሳ የሌለው፣ እንቁላል መግዛት የማይችል ቤተሰብም ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ከእህልም ቢሆን የተሻለ መሥራት ይቻላል። 3 እጅ እህል ከ1 እጅ ጥራጥሬ ጋር አመሳስሎ መፍጨት፣ እህሉን አስቀድሞ መዘፍዘፍ ወይም ማብቀል ብረቱን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱም ይህንኑ ያደርጋል። በገንፎው ላይ ዘይት፣ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት፣ የተከተፈ ጎመን መጨመርም ከባድ አይደለም። በሀገራችን ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተዘጋጀው በዚሁ አሳብ፣ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ ነው።

ሌላው የማናልፈው ነገር የታመመው ሕፃን ነው። እግሩ ያበጠ፣ ጸጉሩ የሳሳና መልኩ የተለወጠ፣ ምግብ እንቢ ያለ ሕፃን «ዓይን ነው» ይባላል፤ አንዳንዴም እንጥሉ ይቆረጣል፣ ግግ ነው ተብሎ ድዱ ይቦጫጨራል። ይህ ደምና ቁስል ከመጨመር በቀር የሚያተርፈው የለም። ወደ ጠበል መውሰድ የእምነታችን ሥርዓት ነው፤ ጠበሉ ግን ሕፃኑ ምግብና መድኃኒት እንዲከለከል አያዝዝም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በየቀበሌው የጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትለካበት ባለ ቀለም መለኪያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የላይ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሳይዘገይ ሕክምና ይፈልጋል። ከለውዝ የተሠራውና ፕላምፒ ነት የሚባለው ምግብ መድኃኒቱ ነው፤ ለታመመው የተሰጠውን ለወንድም ለእኅቱ ማካፈል ሕክምናውን ያጓድላል።

ይህን ሁሉ ለምእመናን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ያላትን መንገድ ሌላ ማንም የለውም። የጤና ባለሙያ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያገኛትን እናት ካህኑ ክርስትና ሲያነሣ፣ ጠበል ሊረጭ ሲገባ፣ በሰንበቴና በማኅበር ያገኛታል። የጾም ጉዳይ በመሆኑም ከባለሙያው ይልቅ የምትሰማው እርሱን ነው። ክርስትና በሚነሣበት ዕለት ካህኑ ለእናትና ለአባት፣ ለክርስትና አባትና እናትም ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ምን እንደሚያስፈልገው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምርላቸው ቤቱ ያስታውሰዋል። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያ ልጆቻችንም ገንፎውን በሰንበቴ ቤት ሠርተው ቢያሳዩ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይቀራል።

ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ግን ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በየቤቱ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፤ ድስቱ በአመድ ይፈተጋል፣ ሰታቴው ይታጠባል፣ የቅቤው ቅል ይሰቀላል። በዚያ ሰሞን ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ጾሙ ሲያስተምር፣ ከ7 ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አንዱን ትንሽ ድስት ሳይሰቅል ለብቻው እንዲያስቀር ይንገር፤ ለእናቶችም «ይህ የሕፃኑ ነው፤ በሁዳዴም ይጣድ» ብሎ በስም ይፍቀድላቸው።